ባለ ሰደርያው ልጄ

ሰላምታዬን የሚመልስ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ የተኳረፈ ሰው እንኳ ግማሹን ያደርሳል። እኔ ግን «አካም ጅርቱ» ብዬ ጀምሬ፣ ከብቱስ ብዬ፣ ገብሱስ እንዴት ያዘላችሁ ብዬ፣ አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ወንዶቹ የገብሱን ዳር ይዘው ቆመዋል። እኔን አያዩኝም። የሚያዩት ከኋላዬ ያለውን ልጄን ነው። አንደኛው ዱላውን ከትከሻው አወረደ።

ልጄ ልብስ ሰፊ ነው። አሰላ፣ ከገበያው በላይ፣ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ይሰፋል። አለባበሱ ግን እንደ ሌሎቹ ሰፊዎች አይደለም። እኩዮቹ ጂንስና ጃኬት ሲለብሱ እሱ ሰፋ ያለ ሱፍ ሱሪ፣ ሰደርያ፣ ኮት፣ ከረባት አስሮ፣ ባርኔጣውን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ይወጣል። ለሰርግ ወይም ለዒድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳቦ ሊገዛም እንደዚያው ነው።

የተጀመረው አባቱ የሞተ ጊዜ ነው። ባሌ የወረዳ ጸሐፊ ነበር፤ ቡኒ ሱፍ ልብስ ነበረው፣ ድሮ አሰላ ውስጥ ያሰፋው። ለሰው ልሰጠው ሳወጣው ልጄ ነጠቀኝና አልጋ ላይ ዘርግቶ በምላጭ ተረተረው። ጮህኩ። ያባቱን ልብስ አበላሸ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ እያየ፣ ትከሻው እንዴት እንደተያዘ፣ ገበሩ ምን እንደተደረገበት ሲያጠና ሰነበተ። ከዚያ በራሱ ልክ መልሶ ገጠመው። ለብሶት ከጓዳ ሲወጣ ባሌ ወጣት ሆኖ የተመለሰ መስሎኝ ግድግዳ ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ ከሰልባጅ ተራ የሽማግሌ ኮት እየለቀመ ማስተካከል ሆነ ሥራው። ስልኩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም የድሮ ሰዎች ናቸው።

ባጃጅ ነጂዎቹ ያበሽቁታል። «ሚኒስትሩ! አጃቢዎችህ የት ቀሩ?»

እሱ ባርኔጣውን ከፍ ያደርግና «በእግር እየመጡ ነው፤ ባጃጅ ተወደደባቸው» ይላቸዋል።

ሁሉም ይስቃል። እኔ አልስቅም። ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር እፈራለሁ። በዚህ ዘመን ሰው መሀል ሲገቡ ሰው መምሰል ነው የሚሻለው። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ብርድ ነው እማ፣ የጭላሎን ተራራ አታዪውም? ሱፍ ካልተለበሰ ምን ይለበሳል?» እያለ ያልፈኛል።

የዚያን ቀን ከሳጉሬ ወዲያ ካለ መንደር ነበር የተጠራው። አንድ ሙሽራ ሱቁ ድረስ መጥቶ አይቶት «እኔንም አባቴንም እንደ ራስህ አልብሰን» አለው። አባትየው መንገድ አይችሉም፤ ወቅቱ ደግሞ አጨዳ ነው። ስለዚህ እዚያው ሄዶ ሊለካቸው ተስማሙ። እኔ በዚያ በኩል ነው የተወለድኩት፤ በልጅነቴ ተድሬ ብወጣም መንገዱን አውቀዋለሁ። የልጄ ኦሮምኛ ደግሞ የከተማ ነው። አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

«ልጅ ነኝ እንዴ እማ?»

«እሺ፣ ዛሬ እንኳ ጃኬት ልበስ።»

«የሰፊ ምስክሩ ልብሱ ነው። ይሄን አይተው አይደል የጠሩኝ?» አለኝና ያንን ያባቱን ቡኒ ልብስ ለበሰ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ገና ሲያየው ሰው አስነስቶ «ጌታዬ፣ ጋቢና ይግቡ!» አለው። ልጄ ሲስቅ ፊቱን አየና «ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? እኔ የወረዳው ሰውዬ መስለኸኝ» ብሎ ራሱም ሳቀ። ተሳፋሪውም ሳቀ። ቀልድ ነበር። መስማት የነበረብኝን ነገር ነበር የተናገረው፤ ግን ማን ልብ ይላል።

ከአስፋልቱ ወርደን በእግር ገባን። መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተነቅለው ተጥለዋል። ለአጥር የተረፈ መስሎኝ ተሻግሬያቸው ሄድኩ። ኋላ ነው የሰማሁት። ከሳምንታት በፊት ሰዎች መጥተው ኖሯል። ኮት የለበሱ፣ ሜትር የያዙ። ከተማው ወደዚህ ይሰፋል ብለው ችካል ቸክለው፣ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ሄዱ። ገበሬው ማታውኑ ነቀለው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ እስኪመጡ ይጠብቅ ነበር።

እኛ ምን እናውቃለን። መንገዱ ሁለት ሲሆን ልጄ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አንገቱ ላይ ጣል አደረገ፤ ሥራ ሲቀርብ ሁሌም እንደሚያደርገው። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ያንን ሁሉ ገብስ ተመለከተ። አንድ ሰውዬ ዳር ላይ ያጭድ ነበርና ልጄ የሙሽራውን አባት ስም ጠርቶ፣ በዚያ በከተማ ኦሮምኛው፣ «የእሳቸው መሬት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ቤታቸውን መጠየቁ ነው። ሰውዬው ማጭዱን እንደያዘ አንዴ ባርኔጣውን፣ አንዴ ሜትሩን አየና ወደ መንደሩ ሮጠ።

ሲመለስ ብቻውን አልነበረም።

«ሜትሩን አምጣ» አለው ዱላውን ያወረደው።

«ወንድሜ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙሽራ ልለካ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ ነው። «ልብስ ሰፊ? ከረባት አስሮ? የኛ መንደር ሰፊ ሱሪው ቂጡ ላይ ተቀዷል!»

«እንግዲያው መሬቴን ስፋልኝ» አለ ሌላው። «ቆርጣችሁ ሄዳችኋል አይደል? መልሰህ ስፋው።»

«መታወቂያህን።»

ልጄ የደረት ኪሱን ነካ፣ የጎኑን ነካ። መታወቂያው ሌላው ኮቱ ውስጥ ቀርቷል። ሙሽራው ጋ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የየትኛው ጎሳ እንደሆንኩ እየጮህኩ ተናገርኩ። «ሁሉም የከተማ ሴት ሲጨንቃት ያገር ልጅ ናት» አለኝ አንዱ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። ሙሽራው የታለ ስል እህል ሊያስፈጭ ሳጉሬ ወርዷል ተባለ። አባትየውን ጥሩልኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ፤ የሚያውቀን ሌላ ሰው የለም።

ባርኔጣውን ከራሱ ላይ መቱት። ወድቆ ተንከባለለና አንዱ ረገጠው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳለ ጎተቱት። ልጄ ወደ ፊት ሲደፋ የሰደርያው ቁልፍ ተበጥሶ እግሬ ስር ወደቀ። ዱላው ከፍ ሲል ግን እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ኡኡታዬን ለቀቅሁት፤ ከወሊድ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ከቅርቡ ቤት አንዲት ሴት ወጣች። እጇ ላይ ሲንቄ ይዛለች።

ሲንቄ የአርሲ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ዘንግ ናት። ቀጭን ናት፣ ሰው አይመታባትም። ያገባች ሴት እሷን ይዛ መሀል ከቆመች ግን ወንድ አያልፋትም፤ አባቱንም የገደለ ሰው ፊቱ ቢቆም አያልፋትም። የኔዋ አሰላ ቤቴ ውስጥ በሁለት ምስማር ላይ ተጋድማ የልጄ ኮቶች ይሰቀሉባታል።

ሴትየዋ ማን እንደሆንን አልጠየቀችም። መጥታ በልጄና በዱላው መሀል ሲንቄዋን አጋድማ ቆመች። እልል አለች። ከየቤቱ እልልታ መለሰላት። ሌሎቹም ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ዱቄት በእጃቸው እንዳለ፣ ሕፃን ያዘለችም ነበረች፣ ዙሪያችንን ከበቡን። ዱላው ወረደ። ወንዶቹ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

አንድ ሽማግሌ ከኋላ መጥተው ልጄን ከእግር እስከ ራስ አዩት። «ወላሂ ልብስ ሰፊ ከሆንክ አላህ ይቅር ይበለን። ካልሆንክም ሴቶቹ ቆመዋል፣ ሂድ። ሜትሩ ግን አብሮህ አይወጣም» አሉት። ያ ማጭድ የያዘው ሰውዬ ሜትሩን አጥፎ ለሁለት ቆረጠው። ማንም ይቅርታ አላለም። እኛም አልጠበቅንም።

ሴቶቹ እስከ አስፋልቱ መሀላቸው አድርገው ሸኙን። ወንዶቹ ራቅ ብለው ይከተላሉ። ልጄ የተረገጠውን ባርኔጣ ደረቱ ላይ ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ይሄዳል። እኔ ከድንጋጤ የተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ያዳነችንን ሴትዮ እንዲህ አልኳት፦ «ይሄ የለበሰው የአባቱ ኮት ነው። ባሌ ለሥራ ወደዚህ መንደር ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር። ወተት ትሰጡት ነበር። ያው ኮት ነው እኮ!»

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ኮት የለበሰ ሲመጣ ወተት የምንሰጠው ፈርተን ነው። እናቴ ለኛ ያስቀመጠችውን ነበር አንስታ የምትሰጠው። ከሄደ በኋላ ታለቅስ ነበር።»

ባሌ ከዚህ አገር በተመለሰ ቁጥር ጫማውን እያወለቀ «የዚያ አገር ሰው እንዴት ደግ ነው!» ይለኝ ነበር። እኔም ለልጄ ይህንኑ ስነግረው አሳደግሁት። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያንን ልብስ የወደደው። ሰው የሚነሳለት አባት ነው የለበሰው። የተነሱት ለምን እንደነበር እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር፤ ባሌም ሳያውቅ ተቀበረ።

ሚኒባስ ስትመጣ ሴትየዋ በሲንቄዋ አስቆመችልን። ስሟን ሳልጠይቃት በሩ ተዘጋ። ወንዶቹ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። እስክንታጠፍ ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር፤ አንድ መኪና ከኋላችን በመጣ ቁጥር የልጄን ክንድ እጨብጣለሁ።

ከረባቱን ፈታ። ሳጉሬ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ሙሽራው ነው። ሰምቶ ነው መሰለኝ ድምፁ እየተቆራረጠ ይቅርታ ይለምናል። ልጄ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ይላል። ዘጋውና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተጨማደደውን በጣቱ ሊያቃና ሞከረ።

«እማ፣ ልተወው?»

ተወው እንዳልል፣ ያንን ልብስ ሲለብስ ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። ልበሰው እንዳልል፣ ዱላው ዓይኔ ላይ አለ። «እንድረስ መጀመሪያ» አልኩት።

አሰላ ስንገባ ካፊያ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ አዩት፤ ያለ ባርኔጣ፣ ደረቱ ተከፍቶ። ሚኒስትሩ ያለ የለም። አንደኛው ወርዶ በሩን ከፈተልንና ቤት ድረስ አደረሰን።

ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ደግሜ ነካሁት፣ ተቆልፏል። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ኮቶች አንድ በአንድ አውርጄ አልጋው ላይ አጋደምኳቸውና ሲንቄዬን ከምስማሩ አነሳኋት። አቧራዋን በነጠላዬ ጠረግሁ። እሷን ይዤ በሩ ስር ተቀመጥኩ። ልጄ ጓዳ ፊቱን ሲታጠብ የውኃው ድምፅ ይሰማኛል።

ቤታችን ነን። ልጄ በሕይወት አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።