ከምሳ በኋላ የሚጠፋው ውሃ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ የለቀማ ወቅት ማንንም ሳላምን አሳልፌያለሁ።

ነገሩ የመጣው ከውሃ ነው። ከላይ ከምንጩ በቦይ የሚመጣው ውሃ ሌሊቱን በማጠራቀሚያ ገንዳ ሲሞላ ያድራል። ጠዋት የመፈልፈያ ማሽኑ ደህና ይሠራል። ከምሳ ስንመለስ ግን ውሃው ይቀጥናል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭራሽ ይቋረጣል። ማሽኑ ቆሞ ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ እንደያዘ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሳይፈለፈል ያደረው እሸት በማግስቱ ይኮመጥጣል። የተፈለፈለውን ለማጠብ ስድስት ሴቶች ከታች ካለው ወንዝ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ይውሉ ነበር።

እኔ ውሃውን የሚወስደው ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልተቸገርኩም። ከምንጩ አጠገብ ጥቂት ቡና፣ ሙዝ፣ ኮረሪማና ጎመን የሚያለሙ አንድ የቤንች ሽማግሌ ነበሩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሌላው ቦታ ሁሉ ሲደርቅ የእርሳቸው ጎመን አረንጓዴ ነው። አንድ ቀን ከጣቢያው ጥበቃ ጋር ወጣሁና በተማርኳት ጥቂት ቤንችኛ ሰላም አልኳቸው።

«አባቴ፣ ቦዩን ወደ ጓሮዎ ጠልፈውታል ይባላል።»

«ማነው የሚለው?» አሉኝ በአማርኛ።

«ሰው ሁሉ።»

«እኔ በባልዲ ነው የማጠጣው። ከምንጩ። ቦይ አልነካሁም።» በእጃቸው ወደ ታች አመለከቱ። «ሂድ፣ የራሳችሁን እይ።»

የጓሯቸውን እርጥብ መሬት አየሁ፣ እርሳቸውን አየሁ፣ አላመንኳቸውም። በማግስቱ ለቀበሌ አመለከትኩ። ሽማግሌው ተጠርተው፣ ጎረቤቶቻቸው እያዩ፣ ግማሽ ቀን ቀበሌው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ማስረጃ ስላልነበረኝ ለቀቋቸው። ውሃው ግን ከምሳ በኋላ መጥፋቱን አልተወም።

በዚያው ሳምንት ከወረዳ አንዲት የውሃ ባለሙያ ተላከችልን። ቦቲ ጫማ ተጫምታ ትንሽ ደብተር የያዘች፣ በእድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። አዲስ ማሽን ይዛ ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ የመጣችው አራት ምልክት የተደረገባቸው ዱላዎች ይዛ ነው። ሁለቱን ከገንዳው በላይና በታች ባለው ቦይ፣ ሁለቱን ገንዳው ውስጥ ተከለቻቸው።

«ይኼ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ስንት ውሃ እንደሚገባና ስንቱ ማሽኑ ጋ እንደሚደርስ ለማየት ነው። ያላችሁን ሳታውቁ የጎደላችሁን ማወቅ አትችሉም።»

ንግግሯ አልጣመኝም። ሠራተኞቹም ሰው ሊቀንሱ ነው ብለው ያንሾካሽኩ ጀመር። ማሽኑን ከሃያ ዓመት በላይ ያንቀሳቀሱት ኦፕሬተራችን ደግሞ «ውሃ በዱላ ሲለካ ያየሁት ገና አሁን ነው» ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ገንዳው ውስጥ የተተከሉት ሁለቱ ዱላዎች ጠፉ። ባለሙያዋ በምትካቸው ሌላ ሁለት ተከለች። እነሱም ጠፉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ መከታተል ጀመርኩ። ይባስ ብሎ ባለሙያዋ ወደ ላይ ወጥታ ከሽማግሌው ጋር ስትጫወት አየኋት። የወረዳ ሰዎች ጣቢያውንና መሬቱን ለሌላ ሰው ሊሰጡ እያጠኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ለባለቤቴም እንዲሁ ነገርኳት። «አንተ ዘንድሮ የማትጠረጥረው ሰው አለ?» አለችኝ።

አንድ ማለዳ ሠራተኛ ሳይገባ ደርሼ ከገንዳው ጀርባ ካለው የቡና ተክል መሃል ቆምኩ። ብዙ አልቆየሁም። ኦፕሬተሩ መጡ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ገንዳው ገቡና ዱላውን ነቀሉ።

«ጋሼ» አልኳቸው።

ደነገጡ፤ ግን አልካዱም። ወጥተው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«የገንዳው የኋላ መዝጊያ ከተሰበረ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉኝ። «ማታ በጆንያ እወትፈዋለሁ። ጠዋት ውሃው ሲለቀቅ ጆንያውን ገፍቶ ያወጣዋል። ጥገና ጠይቄ ነበር፤ ሰሚ አጣሁ። ኋላ ደግሞ ለመናገር ፈራሁ፤ ዱላው ፍሳሹን እንዳያሳይብኝም ነቀልኩት። ይኼን ሁሉ ቡና ያበላሸው እሱ ነው ብለው ቢያባርሩኝ የት እሄዳለሁ?»

ሣሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከገንዳው በስተጀርባ፣ ማንም በማይሄድበት በኩል፣ ውሃ ሾልኮ ይፈሳል። ከበታቹ ሰፊ ረግረግ ሠርቷል። በየቀኑ ጠዋቱን ሙሉ የማጠራቀሚያችን ውሃ ወደዚያ ሲፈስ ኖሯል።

ለባለሙያዋ ራሳቸው እንዲነግሯት ለመንኳቸው። ነገሯት። እርስዋ ደብተሯን እንኳ አልከፈተችም።

«አውቄዋለሁ። ረግረጉ ድሮ እንዳልነበረ ከላይ ያሉት አባት ነግረውኛል። እርስዎ እስኪነግሩኝ ነበር የምጠብቀው» አለቻቸው።

መዝጊያው ከዋንዛ ጣውላና ከአሮጌ ጎማ በሁለት ቀን ተሠራ። ቡናውን ከፈለፈለ በኋላ የሚወጣው ውሃ በትንሽ ፓምፕ ተመልሶ ለመፈልፈል እንዲያገለግልም አደረገች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ውሃ አጥቶ አልቆመም፤ የዕለቱ እሸት በዕለቱ አልቆ ሠራተኛው ሳይመሽ ቤቱ ይገባ ነበር። ኦፕሬተሩን ማንም አላባረራቸውም።

ሠራተኞቹ የፈሩት ግን በከፊል ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ጀሪካን ተሸካሚ አላስፈለገም። ከስድስቱ ሴቶች ሦስቱን የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸ ፍሬ ለቀማ አስገባኋቸው፤ ለሦስቱ ቦታ አላገኘሁም። አንደኛዋን አማን ከተማ ገበያ ጎመን ስትሸጥ አገኘኋት። «ውሃው በዛላችሁ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ማር አቅርበውልኝ ጨርሼ እስክበላ ጠበቁ።

«የከሰስከኝ ሰው ፊት ነው» አሉኝ። «ይቅርታውንም ሰው ፊት አድርገው።»

ገበሬዎች እሸት ይዘው በተሰለፉበት ቀን፣ ማሽኑን አስቁሜ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬም እሸታቸውን ለእኛ ነው የሚያመጡት። ሚዛኑ ላይ ባስቀመጥኩላቸው ቁጥር ጎንበስ ብለው መርፌውን ያያሉ፤ ከዚያ የእኔን ፊት ያያሉ፤ ከዚያ እንደገና መርፌውን።