ካሴቱ ላይ ያስነጠሰችው ልጅ

«ያስነጠሰችው ልጅማ ሞታለች፤ ነፍሷን ይማር» አለኝ ክራር መቺው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

እኔ ሞቼ አላውቅም። በርበሬ በረንዳ ሰፈር፣ በርበሬ ገበያው መሀል ነው ያደግኩት፤ ዛሬም የበርበሬ ብናኝ አፍንጫዬን ሲቆነጥጠው ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚህ ሰውዬ ክራር ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ ያኔም ሽበት የጀመረው፣ ለልጆች እየዘፈነ የሚያድር ክራር መቺ ነበር። ያለችው አንዲት ዜማ ናት፤ ዛሬ ስለ ድመት፣ ነገ ስለ ዶሮ ይላታል እንጂ ያችው ናት። ካሴት ሊያስቀዳ በከረሜላ ሰበሰበንና ከወፍጮ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አሰለፈን። ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነው። በርበሬ ግን ብርድ ልብስ አይመልሰውም። መሀል ዘፈን ላይ አስነጠሰኝ። እሱም ሳያስበው «ይማርሽ» አለ፤ እኔም እናቴ እንዳስለመደችኝ «ያኑርዎት» አልኩ። ቴፑ እየቀዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሲኒማ ራስ እስከ ሸማ ተራ ልጅ ሁሉ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ያስነጥሳል። ሌላ ዘፈኑን የሚያውቅለት የለም። በልደቱም፣ በሠርጉም፣ ካሴት ቀርቶ ሲዲ ሲመጣም፣ እንጀራ የበላው በኔ አፍንጫ ነው።

ለበዓል ለታናሽ እህቴ ቀሚስ ልገዛ ሸማ ተራ ወሰድኳት። አንዱ ባለሱቅ ክራር መቺውን ገበያ እንዲጠራለት ደጃፉ ላይ አስቀምጦታል። እህቴ «ያስነጠስኩት እኔ ነኝ» ስላት አምናኝ አታውቅም፤ ከራሱ አፍ ትስማ ብዬ «ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ማን ነበረች?» አልኩት። መልሱ ቅድም የነገርኳችሁ ነው።

«ውሸታም» አለችኝ እህቴ።

ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩ። «ጋሼ፣ በደንብ ይዩኝ እስቲ።»

አየኝ። ፊቱን በክራሩ ከለል አድርጎ «አውቄሻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሞታለች ካልኩ ወዲህ ነው ሰው ከንፈር የሚመጥልኝ። ተይኝ ልጄ፤ አንቺ ሞተሽ ነው እኔ የምበላው።»

አያፍርም። ወዲያው ያችኑ ዜማ ጀመረ። አንዱ የክራሩ ክር ረግቦ ይንጫረራል። ቦታው ሲደርስ ልጆቹ ባንድነት አስነጠሱ። ለካ እዚያ ጋ ባርኔጣውን አውልቆ «ነፍሷን ይማር» ማለት ልማዱ ኖሯል፤ ባለሱቁም አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ሰውዬው ግን ባርኔጣውን አልነካም። ወደ እኔ ዞረ።

«ይማርሽ» አለ።

እህቴ ቀና ብላ አፍ አፌን አየች።

«ያኑርዎት» አልኩትና እጇን ይዤ ሄድኩ።