ሁለት የማይመጣበት ስሌት

የቢጫ ጀሪካን ክዳን ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ የፕላስቲክና የቆየ ውሃ ሽታ። ባሕር ዳር ከገባሁ ወዲህ ውሃው ቤቴ ድረስ ይመጣልኛል። ቧንቧው በነጠፈ ቀን ግን ጀሪካን ስከፍት ያ ሽታ እንጅባራ ይመልሰኛል፤ ብርዱ ሳይቀር ይሰማኛል።

መሰናዶ ስንማር ሦስት ሴቶች አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከአዲስ ቅዳም ነኝ። ሁለቱ ከጥርባ በኩል የመጡ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ አንዷ የሂሳብ ጎበዝ፣ ሌላዋ ቀጭንና ዝምተኛ። ሲፈልጉ በአዊኛ ያወራሉ፤ እኔ አዊኛ አልችልም። በዚያ ላይ ተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነው። በሳቁ ቁጥር በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ከቦኖ ውሃ መቅዳት የዘወትር ጭቅጭቃችን ነበር። ጉሙ ሳይገለጥ መውጣት፣ ከዚያ ጀሪካን አዝሎ ያንን ዳገት መመለስ። አንድ ቀን «ትናንት እኔ ነኝ»፣ «የለም፣ እኔ ነኝ» ስንባባል ጎበዟ ከሰል አንስታ ግድግዳው ላይ ሠራችልን። የወሩን ቀን በራሱ ማባዛት፣ ለሦስት ማካፈል፣ ቀሪውን ማየት። ዜሮ ከቀረ እኔ፣ አንድ ከቀረ እሷ፣ ሁለት ከቀረ ቀጭኗ።

«ቁጥር አያዳላም» አለች። ተስማማን።

ወሩ ሲጋመስ ቀጭኗ አንድም ቀን ጀሪካን አላነሳችም። አከራያችን እንኳ ልብ ብለውት ኖሯል።

«ያቺ ቀጭኗ ውሃ አትቀዳም እንዴ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎም አይተውታል?»

«ዓይን የለኝም እንዴ!»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ቀጭኗ ከቤቷ ማር ታመጣ ነበር። በቃ ማሩ ነው፣ ማሯን እየላሰች ቁጥሩን ጠመዘዘችላት አልኩ። ግን ጎበዟ ራሷ የእኔን እጥፍ ትቀዳለች። ተንኮለኛ ሰው ሸክሙን በራሱ ላይ ይጭናል? ይሄ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ።

ቅዳሜ ብቻዬን ስሆን ከሰሉን አነሳሁ። አምስት በአምስት ሃያ አምስት፣ ቀሪው አንድ። ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት፣ ቀሪ የለውም። ሰባትም አንድ፣ ስምንትም አንድ። እስከ ወሩ መጨረሻ ገፋሁበት፤ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ። ሁለት የሚባል ነገር የለም። ቀኑን በራሱ እስካባዛን ድረስ ሁለት መቼም አይመጣም።

ጎበዟን ቦኖው ላይ ወረፋ ስትጠብቅ አገኘኋት።

«ሁለት አይመጣም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዎ፣ አይመጣም።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው። ልቧን ያማታል። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሏታል። እቤት ከሰሙ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው፤ ወስደው ያስቀምጧታል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ታዝኚላታለሽ። ያዘንሽላት ቀን ጀሪካኑን አንስታ ትወጣለች። አታውቂያትም አንቺ።»

ምን ዋጋ አለው፣ አላመንኳትም። እሱንም ተማክረው ያዘጋጁት መሰለኝና ቀጭኗን እከታተላት ጀመር። ትምህርት ቤት ስንሄድ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ጎንበስ ትልና «ቆይ ጫማዬን ልሰር» ትላለች። እኛም እንቆማለን። ስንት ጊዜ አብሬያት እንደቆምኩ! ያን ሰሞን ግን ዝቅ ብዬ እግሯን አየሁ። የፕላስቲክ ጫማ ነው ያደረገችው፤ የሚታሰር ነገር የለውም። ለካ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስሌቱን ጮክ ብዬ የምናገረው እኔ ሆንኩ። ቀጭኗ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና «እድለኛ ነኝ መቼም» ትላለች። አነጋገሯ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰን መናኸሪያ ሸኘናት። ጎበዟ ሻንጣዋን ልታስጭን ሄደች። ቀጭኗ አቀፈችኝ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለችኝ፦

«እኔም እኮ ሂሳብ እችላለሁ።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ረዳቱ «ግቢ፣ ግቢ!» ብሎ አስገባትና በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ ሄደ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ አረፈች። አልጠየቅኳትም።