አባቴን አስካሪ ያደረገው መጽሐፍ

የበደለኝ ብሩኖ ይባላል። ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ በሩ ከበሬ ትይዩ የሆነ ሽማግሌ ጣልያን ነው። አባቱ በወረራው ጊዜ ለጣልያን የሚዋጉ፣ አስካሪ የሚባሉ ጥቁር ወታደሮችን ያዘዘ መኮንን ነበርና ትዝታውን ጽፎ ሞቷል፤ ልጁ አሁን አሳተመው።

ሰላምታ የሚያንቀው ሰውዬ በድንገት ኬክ ይዞልኝ መጣ። ጠረጠርኩ። ቤቴ የተሰቀለውን የአባቴን ፎቶ በስልኩ ሲያነሳ ደግሞ ባሰብኝ። ቅዳሜ ለመጽሐፉ ምርቃት ቦከንሃይም ወደሚባለው ሰፈር ጠራኝ፤ የሐበሻ ቀሚስ ልበሺም አለኝ። ጀርመንኛ የምታውቀውን ጎረቤቴን ሳራን ይዤ ሄድኩ።

አባቴ ከነጎፈሬው የአዳራሹን ግድግዳ ሞልቶ አየሁት። ብሩኖ ወደ እኔ እያመለከተ የሆነ ነገር ሲናገር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ።

«ምን ብሎ ነው?» አልኳት ሳራን።

«እማማ፣ አባትዎ የአባቱ ታማኝ አስካሪ ነበሩ ነው የሚለው።»

«ጣልያን ካልወጣ ፀጉሬን አልቆረጥም ብሎ ጫካ የገባውን አርበኛ? ንገሪው እንጂ።»

ነገረችው። ብሩኖ ፈገግ አለና፣ «ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ ምን ለውጥ ያመጣል?» አለ።

ማግስቱ እሁድ ነው። በዚህ አገር እሁድ ጠዋት ሚስማር መምታት እንኳ ነውር ነው። እኔ ግን ወገቤን ታጥቄ ብሩኖ በር ላይ ቆምኩና፣ የሕንፃው ሰው በሙሉ በፒጃማው እስኪወጣ ድረስ በአባቴ የፈረስ ስም ፎከርኩ።