እህቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰላም ያለቻት ጎረቤት

ታናሽ እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፈቻትን ጎረቤቷን ዛሬ ደረጃ ላይ ቆማ ሰላም አለቻት።

ከሐኪም ቤት እየተመለስን ነበር። እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ዶክተሯ የደም ውጤቷን አይታ፣ "መድኃኒቱ ልብሽን መንካት ሳይጀምር አልቀረም። ደረጃ ስትወጪ ያደክምሻል?" አለቻት።

"ኧረ በጭራሽ!"

"አንቺ ሳይሰማሽም ደምሽ ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ልብሽን በአልትራሳውንድ እስክናየው የሚቀጥለውን መድኃኒት እናቆየው።"

እህቴ የምትፈራው ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ ካንሰሩ የሚመለስ ይመስላታል።

የምትኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። መንገድ ላይ የገዛነውን የብርቱካን ፌስታል ከእጄ ነጥቃ ከፊቴ ወጣች።

"ና እንጂ ሽማግሌው! ልቡ የተጎዳው ማን ነው?"

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷ ልብስ ታሰጣለች። የተጣሉት በውኃ ታንከር ነው። እህቴ ቆመች።

"እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እናትሽስ ተሻላቸው?"

ሴትየዋ ደነገጠች፤ ግን ስለ እናቷ ጉልበት በዝርዝር አስረዳች። የብሎኩ ኮሚቴ ሁለቴ ለሽምግልና ተቀምጦ ያቃተው ዕርቅ እንዲህ ወረደ።

ደስ ሊለኝ ሲል የእህቴን እጅ አየሁ። የደረጃውን ብረት ጨምድዳ ይዛለች። አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ሴትየዋ መልሳ እስክትጨርስ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።

ያ ትንፋሽ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም።

ጠዋት ለዶክተሯ እደውላለሁ። እህቴ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። ታኩርፈኝ፤ ሁለት ዓመትም ቢሆን።

እናንተስ፣ "ደህና ነኝ" የሚላችሁን በሽተኛ በምን አወቃችሁበት?