ለተቆጣጣሪ የለጠፍኩት ወረቀት

ጅማ መርካቶ ውስጥ ዘይት እሸጣለሁ። የወጥ ዘይት አይደለም፤ የሚቀባና በማንኪያ የሚወሰድ ነው፤ የጥቁር አዝሙድ፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የሰሊጥ። እኛ ዘንድ ሙሉ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው የለም። ስለዚህ ሁላችንም ከጀሪካን እየቀዳን፣ በታጠበ የሽሮፕ ብልቃጥ እየሞላን ነበር የምንሸጠው። በብልቃጡ ላይ ምንም አይጻፍም ነበር።

አንድ ቀን ከጤና ቁጥጥር አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ብልቃጦቹን እያነሳች "ይሄ ምንድን ነው? ማን አመረተው? መቼ ነው ጊዜው የሚያልፍበት?" አለችኝ። የዘይቱ ስም፣ ይዘቱ፣ አምራቹና የሚያበቃበት ቀን በአማርኛና በኦሮምኛ ካልተለጠፈ ሱቁ እንደሚታሸግ ነግራኝ፣ አስፈርማኝ ሄደች። ተናደድኩ። ትላንት የተወለደች ልጅ እኔን ዘይት ታስተምረኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸጥ ማን ሞተብኝ?

በዚያው ሰሞን፣ ከውጭ በሻንጣ ዕቃ የምታመጣ አንዲት ነጋዴ ካርቶኑ ላይ ቅጠል የተሳለበት ዘይት ሰጥታኝ ነበር። ሲቢዲ ይሉታል። ሄምፕ ከሚባለው፣ ከማያሰክረው የካናቢስ ዓይነት የሚወጣ ነው። "እዚያ ለሕመም ብለው በየሱቁ ይሸጡታል" አለችኝ። እዚህ ግን ያልተፈቀደ ነው፤ ቅጠሉን ያየ ተቆጣጣሪ አይምረኝም። ማተሚያ ቤት ሄጄ "ንጹሕ የጥቁር አዝሙድ ዘይት" የሚል ወረቀት በሁለቱም ቋንቋ አሳተምኩ። የሚያበቃበትን ቀን በግምት ሞላሁት። ከዚያ ያንን የቅጠል ዘይትም በትንንሽ ብልቃጥ ቀዳሁና ያንኑ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ ለራሴ እንዳይምታታብኝ ክዳኑን ብቻ ቀይ አደረግሁት። ካርቶኑን ከመጣሌ በፊት አንብቤዋለሁ። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ያማክር ይላል።

ተቆጣጣሪዋ ልጅ ተመልሳ መጣች፣ ወረቀቶቹን አየች፣ "ጎበዝ" አለችኝ። ደስ አለኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ይሄንን ነው።

ከቀይ ክዳኖቹ አንዱን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፉ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የስፌት መኪና ሲረግጡ ጉልበታቸው አልቋል። "አባባ፣ ይሄ ከውጭ የመጣ ነው፣ ለጉልበት ፍቱን ነው፤ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ማንኪያ ይውሰዱ" አልኳቸው። "ማሻአላህ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት ስፌት ቤቱ ሳይከፈት ዋለ። ነስር ይዟቸው አልቆም ብሎ ሆስፒታል ገብተዋል አሉ። ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ስደርስ ሐኪሙ የእኔን ብልቃጥ ይዞ ሚስታቸውን እየጠየቀ ነበር። ሰውዬው ለካ ለልባቸው የደም ማቅጠኛ ክኒን ይወስዳሉ። ክኒኑን አንድ ነገር ከልክ በላይ አጠንክሮታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

"ከዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም?" አለ።

"የለም ልጄ። እሱም ጥቁር አዝሙድ ነው፣ ይኸው ተጽፎበታል" አሉ ሚስታቸው።

ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ፣ ብልቃጡን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እኔ ብርቱካኔን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ሱቄን ነው። እሳቸውን አይደለም። ከተናገርኩ ይታሸጋል፣ ከዚያ ምን በልቼ አድራለሁ እያልኩ አፌን ዘግቼ ቆየሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሚስትየዋ ከዘንቢላቸው ማንኪያ አወጡ። "የጠዋቱን አልወሰደም እኮ" ብለው ቀዩን ክዳን መክፈት ጀመሩ።

"አይስጧቸው!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሐኪሙ ተመልሶ መጣ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

በማግስቱ ያችው ልጅ መጥታ ሱቄን አሸገች። እኔም አልተከራከርኩም።

አዛውንቱ ነስራቸው ቆሞ፣ ድነው ቤታቸው ሲገቡ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ፍራሽ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ከስተዋል፣ ክንዳቸው በልዞ ጠቁሯል።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነበር" አልኳቸው።

"የቱ ወረቀት?" አሉኝ። "እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ? የጠጣሁት አንቺ ስለሰጠሽኝ ነው።"

ሚስታቸው ውሃ አቀበሏቸውና ቀስ ብለው ጠጡ።

"አላህ ይቅር ይበልሽ" አሉኝ በመጨረሻ። "እኔ ግን ገና ነኝ።"