ጭሱን የዋጠው ባቡር

ወላይታ ሶዶ ወርዳችሁ «ባቡሩ በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የባጃጁ ሹፌር መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ግን «የቦልቴን ነው? ግቡ!» ይላችኋል። የወላይታ ምድር እውነተኛ የባቡር ሐዲድ ተነጥፎበት አያውቅም። ባቡር ግን አለው። ምን ልበላችሁ፣ አለው!

ቦልቴ ሃምሳን የተሻገረ የብየዳ ባለሙያ ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የዳቦ ቤት ምድጃ ይሠራል። በሶዶ የእርሱ እጅ ያላረፈበት የግቢ በር የለም ቢባል ማጋነን ነው፤ ማጋነኑ ግን ትንሽ ነው።

አባቱ ቢጠና ከተማ አጠገብ ቀጥቃጭ ነበሩ። የዚያ ዘመን ነገር እንዴት እንደነበር የአገሩ ልጅ ያውቀዋል፤ ላላወቀው በአጭሩ ልንገረው። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ እጅ ይቀበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። አብሮት ለመብላት ግን አይቀመጥም። ለቅሶ ቤት እንኳ የቀጥቃጭ ቤተሰብ የሚቀመጠው ለብቻው፣ በሩ ዳር ነበር። ቦልቴ ከአባቱ ቤት ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። አንዱ የዚያ በር ዳር ትዝታ ነው። ሌላው የወናፍ ትምህርት ነው። ወናፉን ሲያናፋላቸው አባቱ «እሳትን የሚያጠግበው እንጨት ነው፤ የሚያናግረው ግን ነፋስ ነው» ይሉት ነበር።

በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ በባቡር ጥገና ቦታ የቀን ሥራ ሠርቷል። እዚያ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ቆሞ አየ። ዝጓል፣ ሣር በቅሎበታል፣ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። ሌላው ሠራተኛ ጥላው ሥር ምሳውን ይበላል፤ ቦልቴ ግን በማንደጃው አፍ አንገቱን አስግጎ እሳቱ በየት ገብቶ በየት ይወጣ እንደነበር በጣቱ ይከተላል። ሶዶ ሲመለስ ያንን ባቡር በጭንቅላቱ ጭኖ መጣ። አገባ፣ ወለደ፣ ልጆቹን አሳደገ፤ ባቡሩ ግን ከጭንቅላቱ አልወርድ አለ።

አንድ ቀን ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ምሳ ላይ ተናገረው። «ለጊፋታ ሰው እያሳፈረ የሚዞር ባቡር ልሠራ ነው።»

ሚስቱ ሚርያም ቀና ብላ አየችው። «የጓዳው በር ማጠፊያ ከወለቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«እሱንም እሠራለሁ።»

«ባቡሩ ይቅደም እንግዲህ። በሩ መቼም ለምዶታል።»

ሁሉም ሲስቁ እናቱ አዛለች አልሳቁም። «ታ ናዓው» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ማን ይቀመጥበታል?»

ጥያቄው ስለ ወንበር እንዳልሆነ ቦልቴ ገባው። እናቱ በዕድሜያቸው ሙሉ በር ዳር የተቀመጡ ሴት ናቸው። እዚያው ምሳው ላይ በልቡ ቆረጠ። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በአደባባይ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ከቀጥቃጭ ልጅ ኋላ ይቀመጣል!

ከዚያ በኋላ ያቺ ቆርቆሮ ቤት እረፍት አላየችም። ሐዲዱን ከአንግል ብረት፣ አጋዳሚውን ከባሕር ዛፍ ሠራ። ውኃው ለሚፈላበት ቦይለር ወፍራም የብረት ቱቦ አገኘ። አንድ የቴክኒክ መምህር የግፊት መለኪያ ጌጅ ይዞ መጣለትና ቱቦውን በውኃ ግፊት፣ ከሚሠራበት በእጥፍ አስጨንቆ ፈተነው፤ ትርፉን እንፋሎት የሚያስተነፍስ ቫልቭም አብረው ገጠሙ። ከኋላ የሚጎተቱት ጋሪዎች በወላይታው የባህል ልብስ፣ በዱንጉዛ ቀለም፣ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ አጌጡ። እሳት እንዲያነድ ጎረቤቱ ኤርሳዶ ተሾመ። ኤርሳዶ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ያረጀ ሰው ነው፤ እጁ ለጋስ፣ አፉ የማያርፍ።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ትዕዛዝ ለሙከራው በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ መጡ። ሐዲዱ ከሚዞርበት አጠገብ ለበዓሉ የተሠራ የወላይታ ሣር ቤት ቆሟል፤ ክዳኑ ገና አዲስ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ።

ኤርሳዶ «እንግዳ መጣ» ብሎ እሳቱን አጎረሰው። እንግዳው አፉን መግጠም እስኪያቅተው የሚያጎርስ ሰው አለ አይደል? እንደዚያ። ባሕር ዛፉን እስከ አፉ ጠቅጥቆ የማንደጃውን በር ግጥም አደረገ። ባቡሩ ተነሣ። ተነሣ ስላችሁ! ፉጨቱ አስተጋባ፣ የተሰበሰበው ሰው እልል አለ። ወዲያው ግን ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር፤ በጭሱ መሃል ደግሞ የእሳት ብናኝ ይረጫል። አንዷ ብናኝ ሄዳ ሣር ክዳኑ ላይ ዐረፈች። አንድ ሠራተኛ ባልዲ ውኃ ይዞ ባይደርስባት ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

«ጋሽ ቦልቴ» አሉ ወይዘሮ ትዕዛዝ ከነጠላቸው ላይ ጥላሸቱን እያራገፉ፤ «ይሄ ነገር የመጣው በዓሉን ሊያደምቅ ነው ወይስ ሊያነድደው?»

«ይስተካከላል።»

«በዓሉ ሲቃረብ ተመልሼ አያለሁ። ያን ጊዜም ጭስና ብናኝ ካየሁ አይነዳም። ቆሞ ይታያል።»

ቆሞ ይታያል! ለቦልቴ ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። ድሬዳዋ ያየውም ባቡር ቆሞ የሚታይ ነበር። በቆመ ባቡር ላይ ማን ይቀመጣል?

ጭስ ማውጫው ላይ ወንፊት አሰረ። ብናኙ ቀረ፤ ወንፊቱ ግን በጥላሸት ተደፈነና እሳቱ ታፈነ። ወንፊቱን ጣለና እንጨቱ ከሚነድበት የብረት ፍርግርግ ሥር የሚገባውን አየር በላሜራ ዘጋው። ብናኙ በዚህም ጠፋ፤ ጭሱ ግን ከበፊቱ ይልቅ ወፈረ፣ የጌጁም ቀስት ወደ ታች ወረደ።

«ሲበላ ይተፋል፣ ሲጾም ያኮርፋል» አለ ኤርሳዶ። «ይሄ ባቡርህ ቁርጥ አማቴን ነው።»

ነገሩ የተፈታው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቦልቴ ዱቦ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ ዝናብ ነበር፤ ሚኒባሱም ጢም ብሎ ሞልቷል። መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል።

ሹፌሩ ትንሽ አየር ይግባ ብሎ የፊቱን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው። ወዲያው አንዲት እናት ጮኹ። «ዝጋው አንተ! ብርድ ሊመታን ነው!»

«ኧረ ክፈቱት!» አለች ከኋላ አንዲት ኮረዳ። «እኛ ጋ እኮ ትንፋሽ የለም!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነፋሱ ፊት የተቀመጡትን ይደበድባል፣ ሻሽ ያስወልቃል፤ ኋላ ያሉት ግን ያው እንደታፈኑ ናቸው። ሹፌሩ ዘጋው፣ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። በመጨረሻ ረዳቱ ተማረረ። «ስሙኝማ! ሁላችሁም በየአጠገባችሁ ያለውን መስኮት ጣት ያህል ክፈቱት። ማንንም አይመታም፣ ለሁሉም ይደርሳል!»

እያጉረመረሙ ከፈቱ። ጥቂት ሳይቆይ ጉሙ ከመስታወቱ ላይ እየሳሳ ጠፋ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ ቦልቴ።

«ሶዶ ገና ነው እኮ፣ አባቴ።»

«አውቃለሁ፤ አውርደኝ!»

ዝናብ እየመታው በእግሩ ገባ። ሐሳቡ የሚያራምድ እንጂ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ለካስ እርሱ የሠራው ማንደጃ ያው ሚኒባስ ነው! አየሩን በሙሉ ከሥር፣ በአንድ ትልቅ አፍ አስገብቶት እንጨቱን ይደበድበዋል፤ ብናኙን አንሥቶ የሚወረውረው ያ ነው። ከእንጨቱ በላይ የሚንሳፈፈው ጭስ ደግሞ ትንፋሽ አጥቶ ሳይነድ ይወጣል። ጭስ ማለት እኮ አየር ያላገኘ እሳት ነው!

በማግስቱ የሥሩን አየር በግማሽ ቀነሰ። ከእንጨቱ ከፍ ብሎ በማንደጃው ግራና ቀኝ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ደረደረ፤ በየቀዳዳው አጭር ቱቦ አስገባ። የላዩን ቀዳዳዎች በሙሉ የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ እጀታ ከሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ አቆመ። ከፈረሰ የዳቦ ቤት ምድጃ ሸክላ ለቅሞም ማንደጃው ውስጥ እንደ ቅስት ገነባ፤ ነበልባሉ ቸኩሎ ከመውጣቱ በፊት ከሸክላው ጋር ተጋጭቶ፣ ዞሮ፣ ከአየሩ ጋር ተዋውቆ እንዲሄድ ነው።

ከሁሉ የከበደው የኤርሳዶን እጅ ማስተካከል ነበር።

«ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ» አለው ቦልቴ።

«በስተርጅና ስስታም ልታደርገኝ?»

«እንግዳ አይደለም እኮ፤ ሕፃን ነው በለው።»

ግቢ ውስጥ አነደዱት። ቀይና እንቅልፋም የነበረው ነበልባል ነጣ፣ ተቆጣ፤ በየቀዳዳው አፍ እሳት እንደ ምላስ ብቅ አለ። ሚርያም እሳት ሲለኮስ እንደ ልማዷ የተሰጣ ልብሷን ልትሰበስብ ወጣች። ወደ ጭስ ማውጫው ቀና ብላ ቆየች። ከዚያ ልብሱን ገመዱ ላይ ትታ ተመልሳ ገባች። ቦልቴ ያየው ሽልማት ያ ነው፤ ከዋንጫ አይተናነስም!

የሁለተኛው ሙከራ ቀን ደረሰ። ሜዳው ዳር ሥራ ፈት ሁሉ ተሰልፏል። ባቡሩ እየተነፈሰ መጣ፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ሌላ ነገር የለም።

ወይዘሮ ትዕዛዝ ዐይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ጋሽ ቦልቴ፣ እሳቱስ?»

«እየነደደ ነው።»

«ጭሱስ?»

«እሱም ነደደ።»

«ዋሽቷል!» አለ አንዱ ከዳር። «ሥሩ የባጃጅ ሞተር ደብቋል!»

«እንፋሎቱም ከሻይ ማንቆርቆሪያ ነው!» አለ ሌላው። ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ወይዘሮዋ ግን አልሳቁም። «ለሕዝቡ የነገርነው በእጅ የተሠራ የእንፋሎት ባቡር ይመጣል ብለን ነው። ሞተር ሸፍነው ከሆነ ይንገሩኝ። በማታለያ ላይ ሰው አላሳፍርም።»

እዩት እንግዲህ ነገሩን! ጭሶ ተከለከለ፣ ጭሱ ቢጠፋ ደግሞ ሌባ ተባለ። ኤርሳዶ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «አንዴ ጠቅጥቄ ላጉርሰው? ጭሱን ይዩና እንገላገል።»

ለቦልቴ ይህ ቀላል ነበር። ግን ያን ያህል የለፋበትን ነገር አበላሽቶ ሊመሰገን ነው? «ተው» አለው። ከመቀመጫው ወርዶ ቦታውን በእጁ ጠረገ። «ወይዘሮ ትዕዛዝ፣ እዚህ ይቀመጡልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ባቡሩ ቆሟል፣ አይፍሩ። ያንን እጀታ ወደ ራስዎ ይሳቡት።»

ሳቡት። የላዩ ቀዳዳዎች ተዘጉ፤ ወዲያው ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ጎለጎለ። ዳር የቆሙት እያሳሉ ሸሹ።

«አሁን ይመልሱት።»

መለሱት። ጭሱ ሳሳ፣ ግራጫ ሆነ፣ ጠፋ። ወይዘሮ ትዕዛዝ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ እጃቸው አዩ። እንደገና ሳቡት። ጥቁር። መለሱት። ጠፋ። እንደገና ሳቡት።

«እመቤቴ፣ ይበቃል» አለ ኤርሳዶ፤ «ባጃጅ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ለምን እኔን ያጥኑኛል?»

ወይዘሮ ትዕዛዝ አፍንጫቸው ላይ ጥላሸት አርፎ፣ እንደ ሕፃን እየሳቁ ነበር። «ለካ የያዝኩት ነፋሱን ነው!» አሉ። ከመቀመጫው ግን ቶሎ አልወረዱም። «ይነዳል። በጊፋታ ይነዳል!»

ጊፋታ ደረሰ። «ዮዮ ጊፋታ!» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ሜዳው በዱንጉዛ ተጥለቅልቋል። ልጆቹ ጋሪዎቹን በቅጽበት ሞሏቸው፤ የመጀመሪያው ጋሪ ግን ለትልልቆቹ ነበር። አዛለች ቀድመው ገብተዋል። የተቀመጡትም እንደ ልማዳቸው መግቢያው ዳር ነው፣ ለሌላው ሰው ቦታ ላለመያዝ ጥግ ይዘው።

ቦልቴ ከባጃጅ ነቅሎ በሰካው መስታወት ወደ ኋላ ሲያይ፣ ከዘራ የያዙ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ወደ ጋሪው ሲጠጉ አየ። ዐወቃቸው። የቢጠና ሰው ናቸው፤ ትልቅ ጎሣ፣ ትልቅ ቤት። በልጅነቱ ከአባቱ እጅ ማረሻ ተቀብለው ቆመው የሄዱ ሰው ናቸው። እጁ እጀታው ላይ ቀረ።

አዛውንቱ አዛለችን አዩ። አዛለችም አዩዋቸው፣ ሊነሡም ቃጡ።

«ኧረ አይነሡ!» አሉ ሽማግሌው። «ወደ መሃል ገባ ይበሉልኝ እንጂ። ዳሩን እኔ ልያዘው፤ ሲነሣ እንዳይጥልዎ።»

አዛለች ጥቂት ዘገዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መሃል ገቡ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስደግፈው አጠገባቸው፣ ዳር ላይ ተቀመጡ። ሌሎችም ተከታትለው ገቡ፤ ትከሻ ከትከሻ ተጣበቀ።

«ላጉርሰው?» አለ ኤርሳዶ።

«ትንሽ ትንሽ!»

«ቶሎ ቶሎ። ዐውቃለሁ እኮ፣ ስስታም!»

ቦልቴ እጀታውን ወደ ፊት ገፋ። ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ፣ እሳቱ አጉረመረመ። ከጭስ ማውጫው በላይ ዳሞታ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሣር ክዳኑም እንደ ወርቁ ነው። ያን ጊዜ የእናቱን ድምፅ ከኋላው፣ ከመሃል ሰማ።

«ታ ናዓው፣ ሞልቷል። ንዳው!»